ጥቁር የሚባለው ነጭ ቀለም

ልጆች፣ የአዲስ ሰው ኮድ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የማየው ከቀለሙ ስም ፊት የቆመውን ምልክት ነው። በአንድሮይድ ሥራ ውስጥ የአት ምልክት (@) ካለ ሰውየው ቀለሙን በስሙ ጠርቶታል፤ የጥያቄ ምልክት (?) ካለ ደግሞ የጠራው ድርሻውን ነው፤ «በዚህ ገጽታ ውስጥ ዋና ቀለም የሆነው ማን ነው?» ብሎ ጠይቋል። ገጽታ ማለት ለመተግበሪያው በሙሉ የተደነገገው መልክ ነው።

እኔ ለዓመታት በስም ስጠራ ኖርኩ። በ2019 አንድሮይድ 10 ጨለማ ገጽታን ለመላው ስልክ ሲያመጣ ዳራችን ጠቆረ፤ ጽሑፋችን ግን በስሙ የተጠራ ጥቁር ነበርና ጨለማው ውስጥ ሰጠመ። ቸኩለን ያገኘነው መፍትሔ በሌሊት አቃፊው ውስጥ፣ ማለትም ጨለማ ገጽታ ሲበራ በሚነበበው አቃፊ፣ ያንኑ ቀለም ነጭ ማድረግ ነበር። «ጥቁር» የሚባል ነጭ ቀለም ይዘን ወራት ቆየን። አዲስ የተቀጠረ ልጅ ስህተት መስሎት ሲያስተካክለው የሆነውን ገምቱት።

ይሁን እንጂ የጥያቄ ምልክትም ዋጋ ያስከፍላል፤ ይህን ደፍሮ የሚነግራችሁ ጥቂት ነው። በስሙ የጠራችሁት ስታይል፣ ማለትም ስም የተሰጠው የመልክ ስብስብ፣ ከሌለ ኮዱን ወደ መተግበሪያ የሚለውጠው ግንባታ ወዲያው ይቆማል፤ ስህተቱን እዚያው ጠረጴዛችሁ ላይ ታዩታላችሁ። በጥያቄ ምልክት የምትጠሩት የገጽታ አትሪቢዩት፣ ማለትም ገጽታው የሚሞላው የድርሻ ስም፣ ከሆነ ግን ስሙ አንድ ቦታ ከታወጀ ግንባታው ያልፋል፤ ገጽታው ዋጋ እንዳልሰጠው የሚታወቀው ማያው ሲከፈት ነው፤ አንዳንዴም መተግበሪያው በተጠቃሚው እጅ ላይ ይዘጋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ዝም ብሎ የሚሳሳተው ነው። ኮንቴክስት ኮዱ ገጽታውን የሚያገኝበት መገናኛ ነው፤ ማያን በአክቲቪቲው (በማያው ባለቤት) ኮንቴክስት ፈንታ በመተግበሪያው ኮንቴክስት ብትሠሩት፣ ጥያቄው የሚቀርበው ለሌላ ገጽታ ነው፤ መልስ ይመጣል፣ ግን የእናንተ ቀለም አይደለም። እኔ በዚህ ሁለት ቀን አጥፍቻለሁ፤ ቀለሙን እንጂ ኮንቴክስቱን አልጠረጠርኩም።

ስታይል የተሰጠው ለአንድ እይታ (ማያ ላይ ላለ አንድ አካል፣ እንደ አዝራር) ብቻ እንደሆነ፣ ወደ ልጆቹ፣ ማለትም በውስጡ ወዳሉ እይታዎች፣ እንደማይወርድ፣ ገጽታ ግን እንደሚወርድ ታውቃላችሁ ብዬ አልፋለሁ።

አንዳንድ ወጣቶች ይህን ሲረዱ ሁሉን ነገር አትሪቢዩት ያደርጉታል። በአንድ ማያ ብቻ ለሚታይ አዝራር አዲስ አትሪቢዩት ማወጅ ሥራ ማብዛት ነው፤ ስታይሉን በቀጥታ ጥሩትና እለፉ። የቀለምን ድርሻ ግን ሁልጊዜ ጠይቁ፤ አንድሮይድ 12 ቀለምን ከስልኩ ልጣፍ መውሰድ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ቀለሙ ምን እንደሚሆን አስቀድማችሁ ማወቅ እንኳ አትችሉም።

ለሌሎች ላይብረሪ፣ ማለትም በመተግበሪያቸው ውስጥ የሚያስገቡት ኮድ፣ የምትጽፉ ከሆነ አትሪቢዩቱም በቀጥታ የተጠራው ስታይልም ያስፈልጓችኋል፤ የሚያስተናግዳችሁን ገጽታ አታውቁትምና። ከአንድሮይድ 5.0 ጀምሮ የእይታ ኮንስትራክተር (እይታውን የሚፈጥረው ኮድ) አራት ግብዓት ይቀበላል፤ ሦስተኛው የገጽታው አትሪቢዩት ነው፣ አራተኛው በቀጥታ የተጠራ ስታይል። ገጽታው ለሦስተኛው መልስ ካጣ ብቻ አራተኛው ይሠራል። ብዙ ሰው በአራተኛው ቦታ ላይ ዜሮ ጽፎ ያልፋል።