ካርታዬ ባሕር ውስጥ ገባ! ስለ ድረ ገጽ ካርታ ጥያቄና መልስ

ስለ ጂአይኤስ (የቦታ መረጃን በኮምፒውተር ማደራጃና ካርታ መሥሪያ ሥርዓት) እና ስለ ድረ ገጽ ካርታ ያላችሁን ጥያቄ ጠይቁ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎርፏል። እንደየአመጣጡ እነሆ።

ጥያቄ፦ ኮድ መጻፍ አልችልም። ሲነኩት መረጃ የሚያሳይ ካርታ መሥራት እችላለሁ?

መልስ፦ በደንብ ትችላለህ። ኪውጂአይኤስ የሚባለውን የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም ጫን፤ ነፃ ነው። ከዚያ ኪውጂአይኤስ-ቱ-ዌብ የሚባለውን ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) ጨምርበት። ሌየሮችህን (አንዱ በአንዱ ላይ የሚደረቡትን የካርታ መረጃዎች) ቀለም ቀብተህ ስትጨርስ ወደ ድረ ገጽ ይቀይርልሃል። ከጀርባ የሚሠራው ሊፍሌት ሊሆን ይችላል፤ ዩክሬናዊው ቮሎዲሚር አጋፎንኪን እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ቀላል የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ (የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ) ነው። ኮድ የለመድክ ቀን ያንኑ ፋይል ከፍተህ ታሻሽላለህ።

ጥያቄ፦ የአዲስ አበባ ጤና ጣቢያዎችን ካርታ ላይ ሳስቀምጥ ሁሉም ሜዲትራኒያን ባሕር ገቡ። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ አይዞሽ፣ እኔም ገብቼ ወጥቻለሁ። አዲስ አበባ በግምት ኬክሮስ 9.03፣ ኬንትሮስ 38.74 ላይ ናት። ቁጥሮቹ ሲገለበጡ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ባሕሩ ላይ ያርፋሉ። ጂኦጄሰን የሚባለው የካርታ መረጃ ፋይል ዓይነት ኬንትሮስን ያስቀድማል። ሊፍሌት ላይ ነጥብ በእጅ ስትጽፊ ግን ኬክሮስ ይቀድማል። ለምን አንድ አላደረጉትም? እኔንም ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ የእኔስ አገሩን አልለቀቀም፤ ግን ቤቶቹ ሁሉ ከሳተላይት ምስሉ 200 ሜትር ገደማ ፈቀቅ ብለዋል።

መልስ፦ አዲንዳን ነዋ! የድሮ ካርታዎቻችን በአዲንዳን ዳተም (የቦታ መለኪያ መነሻ) የተሠሩ ናቸው። ጂፒኤስ ደግሞ የሚናገረው ደብሊውጂኤስ 84 የሚባለውን ሌላ ዳተም ነው። በሁለቱ መካከል እኛ አገር ላይ ከ200 ሜትር በላይ ልዩነት አለ። መጀመሪያ ለሌየሩ ትክክለኛ ማንነቱን፣ ማለትም አዲንዳን መሆኑን፣ ንገረው። ከኬንትሮስ 36 እስከ 42 ያለ ቦታ ከሆነ ኮዱ 20137 ነው። ቀጥለህ በ4326 (የደብሊውጂኤስ 84 ኮድ ነው) አዲስ ፋይል አድርገህ አስቀምጠው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ዘሎ በቀጥታ 4326 ብሎ ይሰይመዋል። ስሙን መቀየር ቦታውን አይቀይረውም።

ጥያቄ፦ በአማርኛ የጻፍኳቸው የወረዳ ስሞች የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኑብኝ።

መልስ፦ ሼፕፋይል ከሚባለው የቆየ የካርታ ፋይል ዓይነት ተገላገዪ። በጂኦጄሰን ወይም ጂኦፓኬጅ በሚባለው ፋይል ዓይነት አስቀምጪ፤ ሁለቱም የግዕዝን ፊደል የሚይዘውን ዩቲኤፍ-8 የተባለ የፊደል አጻጻፍ ይጠቀማሉ። ሼፕፋይል የዓምድ ስም ላይ ከ10 ባይት በላይ አይቀበልም፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይወስዳል። «ወረዳ» ብለሽ ቦታው አለቀ! ጥያቄ ምልክት የሆኑት ስሞች ግን አይመለሱም፤ ከመጀመሪያው ፋይል እንደገና አውጪያቸው።

ጥያቄ፦ ካርታው ስልክ ላይ ለመከፈት ዘመን ይፈጅበታል።

መልስ፦ የወሰን መስመሮችህ ነጥብ በዝቶባቸዋል። ማፕሼፐር ድረ ገጽ ላይ ፋይሉን ጣልና አቅልለው። የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥሮች ላይ ከአስርዮሽ ነጥቡ በኋላ 5 አሃዝ ይበቃል፤ 1 ሜትር ገደማ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የክልል ወሰን ፋይል አገኘሁ፤ ሲዳማ ግን የለም።

መልስ፦ እ.ኤ.አ. ከ2020 በፊት የተሠራ ነው። ደቡብ ምዕራብ በ2021፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ2023 መጥተዋል። ከማውረድሽ በፊት የተሻሻለበትን ቀን እዪ።