ለሁለት የተያዘው ጠረጴዛ

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 9 ዓመት ሆነን፤ ሁለት ልጆች አሉን። የገና ዕለት ቤታችን በእንግዳ ስለሚሞላ እኔ ከምድጃው ሥር አልነሣም። በማግስቱ ማታ ግን ልጆቹን እናቴ ዘንድ ትተን፣ ስንተዋወቅ እናዘወትራት ወደነበረች አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት እንሄዳለን። ቦታ የሚያስይዘው እሱ ነው። አንድ ላዛኛ ለሁለት እንበላለን። ዘንድሮ ስንደርስ ወንድሙና የወንድሙ ሚስት በሩ ላይ ይጠብቁናል፤ ለካ ሳይነግረኝ ጠርቷቸው ኖሯል። አስተናጋጁ የጥጉን ጠረጴዛችንን ትቶ መሀል ላይ ሁለት ጠረጴዛ ሲያገጣጥም ሳይ እንባዬ መጣ። ምግቡን ሳልነካው ተመለስኩ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንታችን ነው፤ «ምሳ ቀርቧል» ከመባባል ያለፈ ንግግር የለንም። እሱ «ጋበዝኩሽ እንጂ ምን በደልኩሽ?» ይላል። አምናም ቢሆን ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ አውርተን፣ እሱ በቴሌቪዥን ኳስ እያየ፣ ሰዓት ሳይሞላን ነው የወጣነው። ሰልችቼው ይሆን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ከአንቺ ጋር ሆኜ ተናደድኩ። የገና ሰሞን የሴት ልጅ ድካም ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ሽንኩርቱ ከዋዜማው ጀምሮ ሲቁላላ ያመሻል፤ ዶሮዋ ተገንጥላ በሎሚና በጨው ስትታጠብ ጣት ያሳክካል፤ ፈረሰኛው ለአባወራው ይወጣል፤ እንግዳ ተሸኝቶ ሲያልቅ ለባለሙያዋ የሚተርፋት ከድስቱ ሥር የቀረው ቁሌት ነው። በማግስቱ ማታ ተቀምጠሽ ሌላ ሰው የሚያቀርብልሽ፣ የምታስተናግጂው ዘመድ የሌለበት አንድ ወንበር ነበረሽ። እሱ ላይ እንግዳ ሲመጣብሽ እንባሽ መምጣቱ አይገርምም። ባለቤትሽ ሊጠይቅሽ ይገባው ነበር። ይህን ጥፋቱን አላቀልለትም።

ሆኖም «ምን በደልኩሽ?» ሲል የሚያሾፍብሽ አይመስለኝም። ብዙዎቻችን «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባልን ነው ያደግነው። ወንድም በአንድ ከተማ እያለ በበዓል ማግስት ሚስትን ብቻ ይዞ መውጣት ለአንዳንድ ሰው ንፍገት መስሎ ይታየዋል። አንቺ ጠረጴዛው ላይ ሁለታችሁን አየሽ፤ እሱ ደግሞ የጎደለ ዘመድ ሳያይ አልቀረም። በ9 ዓመት ውስጥ ያ ምሽት ለአንቺ ምን እንደሆነ በቃል ነግረሽው ታውቂያለሽ? ደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም።

በሁለተኛው ንባብ ዓይኔ ያረፈው ስለ አምናው በጻፍሽው ላይ ነው። አንቺ እንደዋዛ ነው ያለፍሽው፤ እኔ ግን ዋናውን ነገር እዚያ ያገኘሁት መሰለኝ። አምና ተፋጥጣችሁ ተቀምጣችሁ የምትነጋገሩት አጥታችኋል። ዝምታው የከበደው አንቺን ብቻ ባይሆንስ? አፍ አውጥቶ «የምናወራው ጠፍቶን ነበር» ማለት የቸገረው ሰው፣ ወሬ የሚያመጣ እንግዳ ይጠራል። ግምት ነው፤ እሱን ሳልሰማ ልምል አልችልም። ግን የሰለቸ ባል ሰበብ ፈልጎ ይቀራል እንጂ በዘጠነኛው ዓመት ቀኑን አስታውሶ ቦታ አያስይዝም።

ወደ ኩርፊያው ልምጣ። የእኛ አገር ኩርፊያ የሚለምነውን ሰው ይጠብቃል። ያኮረፈው ሰው «ምን ሆንክ?» እስኪባል ይቆያል፤ ሲባል ደግሞ «ምንም» ይላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስንት «ምንም» ሰጥተሽው ይሆን? እሱም በበኩሉ «ጋበዝኩሽ» የምትለውን ይዞ ቆሟል። ሽማግሌ እስኪገባ የምትጠብቁ ከሆነ ደግሞ፣ ሽማግሌው ያው ወንድሙ እንዳይሆን እፈራለሁ።

አንዳችሁ ቀድማችሁ አፋችሁን መክፈታችሁ አይቀርም፤ አከፋፈቱ ነው ወሳኙ። ሲቢል ካሬርና ጆን ጎትማን የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ 124 አዲስ ተጋቢ ጥንዶችን በማያስማማቸው ጉዳይ ላይ ለ15 ደቂቃ እንዲነጋገሩ አድርገው ቀረጹ፤ ከዚያም ለ6 ዓመት ተከታተሏቸው። ማን እንደሚፋታ ለመገመት የመጀመሪያዎቹ 3 ደቂቃዎች ብቻ ብዙ ይናገሩ ነበር። በኋላ የተፋቱት፣ ገና ሲጀምሩ ክፉ ስሜት በዝቶ ደግ ስሜት አንሶ ይታይባቸው ነበር።

ስለዚህ «አንተ ሁልጊዜ ዘመዶችህን ታስቀድማለህ» ብለሽ አትጀምሪ። ልጆቹ ሲተኙ፣ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ፣ እንዲህ ብትዪውስ፦ «ያን ማታ ጠረጴዛው ሲገጣጠም ሳይ ከፋኝ። ወንድምህን ጠልቼ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ አንተን ለብቻዬ የማገኝህ ያን ቀን ስለሆነ ነው። አምናም ዝም ብለን መብላታችን ሲከነክነኝ ከርሟል፤ አንተንስ?» ከዚያ በኋላ ዝም በዪና ጠብቂው። መልሱ ቢዘገይ አንቺ አትመልሺለት።

የወንድሙን ሚስትም አትርሺያት። ሳትነኪው የተነሣሽበትን ሳህን ስታይ ያመሸች እሷ ናት፤ ምን አጥፍቼ ነው እያለች ይሆናል። ቅዳሜ ቡና አፍልተሽ ጥሪያት። ከባልሽ ጋር ያለውን ግን ለእሷ አትዘርዝሪው።

ምሽቱን መልሳችሁ ስትይዙት እንደ አምናው እንዳይሆን። አርተር አሮን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ይፋ ያደረጉት አንድ ሙከራ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል። ጥንዶች እጅና እግራቸው እርስ በርስ ታስሮ፣ ትራስ መሳይ ነገር በእጃቸው ሳይነኩ በመካከላቸው ይዘው፣ ፍራሽ ላይ እየዳኹ እንቅፋት እንዲሻገሩ ተደረገ። 7 ደቂቃ ነው የፈጀው። ሲጨርሱ በትዳራቸው ያላቸው እርካታ፣ አሰልቺ ሥራ ከተሰጣቸው ጥንዶች ይልቅ ጨምሮ ተገኘ። እናንተ ምግብ ቤቱ ውስጥ ዳኹ አልልም፤ አስተናጋጁም ይደነግጣል። ግን ያንኑ ላዛኛ፣ ያንኑ ወንበር፣ ያንኑ የክፍያ ወሬ 9 ዓመት መደጋገም ማንንም ያደክማል። ሁለታችሁም ቀምሳችሁት የማታውቁትን ምግብ እዘዙ። ከመግባታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት በእግር ተጓዙ፤ ጎን ለጎን ሲሄዱ አፍ የሚፈታለት ሰው ብዙ ነው። የልጆቹን ትምህርት ቤት ለዚያ ምሽት እርሱት። እስከ ዛሬ እሱን ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ታስቀምጪው ከነበረ ደግሞ ቦታ ተለዋወጡ።

ስትነግሪው ቢያናንቅሽ፣ ወይም ሳይጠይቅሽ መወሰኑ ከእራት አልፎ ገንዘብና ቤት ላይም የተለመደ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ሁለታችሁም የትዳር አማካሪ ዘንድ ብትሄዱ ይሻላል።

የመጪውን ዓመት ገና አትጠብቂ። ዐቢይ ጾም ሳይገባ አንድ ማታ ምረጡ። ለምግብ ቤቱ ዘንድሮ አንቺ ደውዪ፤ «የጥጉን፣ ለሁለት» በያቸው።