ቶክሶፕላዝሞሲስ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

በጥሬ ሥጋ፣ በደንብ ባልታጠበ አትክልትና በድመት ዓይነ ምድር ከሚመጣ ጥገኛ ስለሚይዘን በሽታ፣ ስለ ቶክሶፕላዝሞሲስ፣ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጅማ ውስጥ በላቦራቶሪ ሙያ ስሠራ ዓመታት አስቆጥሬያለሁ፤ እንዲህ ብዙ ጥያቄ ይመጣል ብዬ ግን አልጠበቅኩም። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

«ተመርምሬ ቶክሶ ፖዘቲቭ ነሽ ተባልኩ። ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ተረጋጊ። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እዚሁ ጅማ ከተማ 201 ነፍሰ ጡሮችን መርምሮ፣ 83.6 በመቶ የሚሆኑት ጥገኛው እንደነካቸው አሳይቷል። ከአምስት እናቶች አራቱ ማለት ነው። ታመው ግን አይደለም። ጤነኛ ሰው ሲያዝ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሰማውም። አንዳንዱ አንገቱ ላይ ንፍፊት ያወጣል፣ ያተኩሰዋል፣ ይደክመዋል። ጉንፋን ነው ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ በኋላ ጥገኛው ጡንቻና አንጎል ውስጥ ተኝቶ ዕድሜ ልክ ይኖራል። የሰውነታችን የመከላከል አቅም እስካለ ድረስ አይነሳም።

ወረቀትሽን እይው። አይጂጂና አይጂኤም ሰውነታችን ጥገኛውን ለመዋጋት የሚሠራቸው ሁለት መከላከያዎች ናቸው። አይጂጂ ብቻ ፖዘቲቭ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የድሮ ነው። አይጂኤም ካለ አዲስ ሊሆን ይችላል። እሱም ቢሆን አንዳንዴ ከዓመት በላይ ደም ውስጥ ስለሚቆይ፣ በአንድ ወረቀት ብቻ አይፈረድም። ሐኪምሽ ይየው።

«ኮሶ ብጠጣ አይወጣም?»

አይወጣም፣ አባባ። ኮሶ የሚያስወጣው አንጀት ውስጥ ያለ ትል ነው። ይሄ ትል አይደለም፤ በዓይን የማይታይ፣ አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ፍጥረት ነው። አንጎል ውስጥ የተኛውን ነቅሎ የሚያወጣ መድኃኒት እስካሁን የለም።

«ጥሬ ሥጋ ልተው ወይ? በሚጥሚጣና በአረቄስ አይሞትም?»

ሚጥሚጣም አረቄም አይገድለውም። የሚገድለው እሳት ነው፤ ሥጋው እስከ ውስጡ ሲበስል። ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት ስለ ቁርጥ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የበግ ዱለት ነው፤ ያውም ለብለቡ። ጥገኛው ከበሬ ይልቅ በግና ፍየል ላይ ይበዛልና። ሥጋ የተከተፈበትን ቢላና መክተፊያ ሳያጥቡ ሰላጣ የሚከትፉበትም ቤት ብዙ ነው።

ሰላጣንና ጎመንን በደንብ እጠቡ። በረኪና ጠብ ማድረጉ ለሌላ ጀርም ይጠቅማል፣ ለዚህኛው ግን አይሆንም። አፈሩ እስኪለቅ በብዙ ውሃ ማጠብ፣ ወይም ማብሰል ነው። የምትጠራጠሩትን ውሃ አፍሉት።

«ነፍሰ ጡር ነኝ። አማቴ ድመቷን ካላወጣሽ አለችኝ።»

ድመቷን አታባርሪያት። መዳበስ አያስይዝም። ድመት የጥገኛውን እንቁላል በዓይነ ምድሯ የምታወጣው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ስትያዝ፣ ለአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ያህል ነው። የወጣው እንቁላልም ሰው ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን መቆየት አለበት። ስለዚህ ዓይነ ምድሯ በየቀኑ ይጠረግ፤ ጠራጊዋ ግን አንቺ አትሁኚ። ባልሽ ይጥረግ። ጓሮ ስትቆፍሪም ጓንት አድርጊ። የጅማ አፈር ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል እርጥብ ነው፣ እንቁላሉ ደግሞ እርጥብ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ይቆያል።

ስለ ፅንሱ የጠየቃችሁም አላችሁ። ከማርገዟ በፊት የተያዘች ጤነኛ እናት ባጠቃላይ ለልጇ አታስተላልፍም። አስጊው በእርግዝና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መያዝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ወደ ፅንሱ የመተላለፉ ዕድል ትንሽ ነው፤ ካለፈ ግን ጉዳቱ ይከፋል፦ ውርጃ፣ ጭንቅላት ውስጥ ውሃ መቋጠር፣ የዓይን ጉዳት። በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ በቀላሉ ይተላለፋል። ሕፃኑ ሲወለድ ደህና ሊመስልና ዓይኑ ከዓመታት በኋላ ሊታመም ይችላል።

«ኤችአይቪ በደሜ አለ። እኔስ?»

ይህን ሁሉ የጻፍኩት እዚህ ጥያቄ ላይ ለመድረስ ነው።

አንድ ጎረቤት አለኝ፤ ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው። ደህና ነኝ ብሎ መድኃኒቱን ካቋረጠ ወራት አልፈው ነበር። አንድ ጠዋት ቡና ላይ ተቀምጠን ሲኒው ከግራ እጁ ሾልኮ ወደቀ። ሌላ ተቀዳለት፤ ያም ወደቀ። «እጄ ደንዝዞ ነው» አለ። ባለቤቱ ራሱን ሲያመው ሳምንት እንደሆነው ነገረችኝ። አፉም ትንሽ ጠመም ብሏል። ቤት ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ምች ነው አለ። ዳማከሴ ሊቀጠፍ ሲነሱ እኔ ባጃጅ ጠራሁ።

ሲዲ ፎሩ፣ ማለትም ደሙ ውስጥ ያሉት የመከላከያ ሕዋሳት ቁጥር፣ ከ100 በታች ወርዶ ነበር። ጭንቅላቱ በምርመራ መሣሪያ ሲነሳ አንጎሉ ውስጥ ቀለበት የመሰሉ ቁስሎች ታዩ። ለዓመታት ተኝቶ የኖረው ጥገኛ ጠባቂ ሲያጣ ተነስቷል። ኮትሪሞክሳዞል የሚባለው መድኃኒት በከፍተኛ መጠን ተጀመረለት፣ ቀጥሎም የኤችአይቪ መድኃኒቱ። በሁለተኛው ሳምንት ሲኒ በግራ እጁ ያዘ። ሕክምናው ግን ከዚያም በኋላ ለሳምንታት ቀጥሏል።

ክኒናችሁን የምትወስዱና ሲዲ ፎራችሁ ከፍ ያለ ከሆነ፣ ከሌላው ሰው ብዙም አትለዩም። ሐኪም በየቀኑ ውሰዱ ብሎ የሰጣችሁ ኮትሪሞክሳዞል ይህንንም በሽታ ይከላከላል። እሱ አቁሙ ሳይል አታቁሙ። ጸበል ተጠመቁ፣ ዱዓ አስደርጉ፣ ክኒኑን ግን አታቋርጡ። አዲስ ራስ ምታት ከትኩሳት ጋር፣ የአንድ ጎን መስነፍ፣ የአንደበት መተሳሰር ወይም ማንቀጥቀጥ ካያችሁ፣ ነገ ሳትሉ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ሂዱ። ሰው ምች ሲል ቀን ይሄዳል፣ በዚህ በሽታ ደግሞ ቀን ውድ ነው።

የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ፣ ኩላሊት የተተካላቸው፣ የመከላከል አቅምን የሚቀንሰውን ፕሬድኒሶሎን የተባለ መድኃኒት በብዛት ለረጅም ጊዜ የሚውጡም ይህን ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ።

«ከሰው ወደ ሰው በሲኒ፣ በትንፋሽ ይተላለፋል?»

አይተላለፍም። ከእናት ወደ ፅንስ፣ አልፎ አልፎም በተለገሰ አካል ወይም በደም ካልሆነ በቀር ከሰው ወደ ሰው አያልፍም። ያ ጎረቤቴ ከታመመ በኋላ ለብቻው ሲኒ ሲለዩለት አይቼ አዝኛለሁ። አብሮ መብላትም መጠጣትም ምንም አያደርግም። ትናንትም እሱ ቤት ቡና ጠጥቻለሁ፤ እሱ በጠጣበት ሲኒ፣ እስከ በረካው።