አብሽር፣ ኮምፒውተርህ አልተበላሸም

ይህ መልስ ለኮምቦልቻው ወንድማችን ነው። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነበር፦ «በሉዋ (የፕሮግራም ቋንቋ ነው) ጌም መሥራት ጀምሬ ቴብሌን (ብዙ ነገር ባንድ የሚይዘውን ዝርዝር) ፕሪንት ሳደርገው ውስጡ ያሉትን ስሞች ትቶ ቴብል የሚል ቃልና ዝብርቅርቅ ያለ ቁጥር ያወጣል። ቃላትን በመደመር ምልክት ላያይዝ ስልም ኤረር ይላል። ኮምፒውተሬ ይሆን?» እኔ በዚሁ ጥያቄ የሦስት ሳምንት ሥራ ስለጠፋብኝ ባጭሩ ማለፍ አልሆነልኝም፣ ታገሠኝ።

1. ያ ቁጥር ኤረር አይደለም። ቴብሉ ሜሞሪ ላይ የተቀመጠበት አድራሻ ነው። «ቤት ውስጥ ማን ማን አለ?» ስትለው «ቤቱ ከሰኞ ገበያ ወረድ ብሎ ነው» የሚልህ ሰው አለ አይደል? እንደዚያ በለው። ስሞቹን ካስፈለገህ ውስጥ ገብተህ ማውጣት አለብህ። በፎር ሉፕ (ሥራ በሚደጋግም ትእዛዝ) እና በአይፔርስ (ipairs) አንድ በአንድ ፕሪንት አድርጋቸው። በተራ ቁጥር ሳይሆን በስም ያስቀመጥካቸው ከሆኑ (ዋጋ፣ ነዳጅ፣ ወንበር) ፔርስን (pairs) ተጠቀም። ፔርስ ግን ያስገባህበትን ተራ አይጠብቅም፤ ነዳጅ ከዋጋ ቀድሞ ቢወጣ አትደንግጥ። ደግሞ ሉዋ የሚቆጥረው ከ1 ነው፤ ከፓይተን (ከ0 የሚቆጥር ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ) የመጣህ ከሆነ በ0 ፈልገህ ኒል (ምንም የለም ማለት ነው) ታገኛለህ።

2. ማንም ቢነግርህ ፎርማት እንዳታደርግ! እኔ የምሠራው ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ የሚኒባስ ጌም ነበር። ፒያሳ፣ ሐረጎ፣ ኮምቦልቻ እያለ ፌርማታዎቹ በቴብል ተቀምጠዋል። እንዳንተው አድራሻውን አወጣብኝ። ከፍዬ የምማርበት ማሠልጠኛ ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ። አሠልጣኙ ቆሞ አንዴ አየው፣ እንደገና አስነሣው፣ ቁጥሩ ተለወጠ። «አየኸው? በየጊዜው የሚቀያየረው ቫይረስ ስለሆነ ነው፣ ፎርማት አድርገው» አለኝ። ፋይሌን ልገልብጥ ብል «ቫይረሱንም አብረህ ትገለብጣለህ» ብሎ ከለከለኝ። ቢሮ ገብቼ ሌላ ሰው ይይልኝ ስል የተቀመጠችው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ክፍያህን ጨርስና ና» አለችኝ። ፎርማት አደረግኩት። ያን ዕለት ማታ ጌሙን ከዜሮ ስጀምር የመጀመሪያው ፕሪንት ያንኑ ዓይነት አድራሻ አወጣ። ቁጥሩ የሚቀያየረው ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር ቴብሉ ሜሞሪ ላይ ሌላ ቦታ ሊያርፍ ስለሚችል ነው፣ በቃ። ይህን ለማወቅ ሦስት ሳምንት ከፈልኩ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ዛሬውኑ ፎልደርህን ፍላሽ ላይ ገልብጠው።

ወደ ማያያዙ ስመጣ፣ በሉዋ ቃልና ቃል የሚያያዘው በሁለት ነጥብ (..) ነው። የመደመር ምልክት ለሒሳብ ብቻ ስለሆነ «ፒያሳ» ላይ 25 ደምር ስትለው እምቢ ይላል። እምቢ ማለቱስ ደግ ነበር፤ የሚጎዳህ ዝም ሲል ነው። በጥቅስ ውስጥ ያለ «10» እና «5» በመደመር ምልክት 15 ይሆናሉ፣ በሁለት ነጥብ ግን 105። የጌሜ ረዳት አንድ ተሳፋሪ 105 ብር ያስከፈለው በዚህ ምክንያት ነው፣ አንድም ኤረር አልታየም። ቁጥሮችን በቀጥታ ስታያይዝ ከነጥቦቹ በፊትና በኋላ ክፍት ቦታ ተው፤ ካልተውክ ያልተስተካከለ ቁጥር ነው ብሎ ያቆምሃል።

«ኒልን ማያያዝ አይቻልም» የሚል ኤረር ከመጣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የስም አጻጻፍ ተሳስተሃል። ቱስትሪንግ (tostring፣ ያለውን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር) ውስጥ ከተተህ ፕሪንት አድርገው፤ ሳይቆም ኒል ብሎ ያሳይሃል፣ የትኛው እንደጎደለ ታውቃለህ።

ፌርማታዎቹን ሁሉ በአንድ መስመር ለማሳየት ሉፕ አያስፈልግም፤ ቴብል ኮንካት (table.concat) በመሃላቸው የፈለግከውን ምልክት እያስገባ ይሰፋቸዋል። የሚቀበለው ግን ስትሪንግ (ጽሑፍ) እና ቁጥር ብቻ ነው። በስም የተቀመጡትን ጭራሽ አያያቸውም፤ ኤረር ሳይል ባዶ ይመልስልሃል። እዚህ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ፈጅቻለሁ።

በአማርኛ የምትሠራ ከሆነ (እባክህ በአማርኛ ሥራው!) ማንም ያልነገረኝን ልንገርህ። የ«ኮምቦልቻ»ን ርዝመት በ# ስትጠይቀው 5 አይልም፣ 15 ይላል። እያንዳንዱ ፊደላችን በዩቲኤፍ 8 (ፊደል ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥበት ዘዴ) ሦስት ባይት ስለሚይዝ ነው፤ # የሚቆጥረው ባይቱን ነው። እኔ ስሙ ከሳጥኑ እንዳይወጣ ብዬ በስትሪንግ ሰብ (string.sub፣ ጽሑፍ መቁረጫው) 8ኛው ባይት ላይ ቆረጥኩት፤ ሁለት ፊደል አልፎ «ቦ»ን መሃል ላይ ሰነጠቃት፣ ሎቭ 2ዲ (በሉዋ ጌም የምሠራበት መሣሪያ) የዩቲኤፍ 8 ኤረር ብሎ ጌሙን ዘጋው። ሎቭ 2ዲ ላይ ዩቲኤፍ 8 (utf8) የሚባል ሞጁል (ተጨማሪ የትእዛዞች ጥቅል) አብሮ አለ፤ ርዝመቱን በእሱ ጠይቀው፣ 5 ይልሃል። የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንትም ራስህ ጫንበት፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጥሩ ነው።

አሁን ሚኒባሴ ሐረጎን ይወርዳል፣ የፌርማታው ስም በአማርኛ ስክሪኑ ላይ ይነበባል፣ ሒሳቡም ልክ ነው። ማንም ሳይረዳኝ ነው የጨረስኩት። ቴብሉን የሠራህበትንና ፕሪንት ያደረግህበትን መስመሮች እዚሁ ለጥፋቸው፣ ማታ ገብቼ አየዋለሁ።