«ሃያ ዓመት የማውቃት ጓደኛዬ በዘጠኝ ሳምንት ሰለቸችኝ»

ጥያቄ፦

ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር ቦርሳችንን በጀርባችን አዝለን ለአራት ወር ያህል ውጭ አገር ልንዞር ተነሳን። ሁለት ዓመት ገንዘብ ያጠራቀምንበት ጉዞ ነው። አሁን ዘጠኝ ሳምንት ጨርሰናል፤ ሰባት ይቀረናል። እውነቱን ልንገርዎት፣ ጨጓራዬን ልጣዋለች። ሌሊት ተቀምጬ ሆስቴል የማወዳድረው እኔ፣ ቲኬት የምቆርጠው እኔ፣ መንገድ የምጠይቀው እኔ። «የት እንሂድ?» ስላት «አንቺ እንዳልሽ» ትለኛለች። ስንደርስ ግን ፊቷ ይጠቁራል። ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ተጯጯህን። «አንቺ እኮ አዛዥ ነሽ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የምናወራው «ቻርጀሩን አቀብዪኝ» ብቻ ሆኗል። የሚያናድዱኝን ነገሮች ስልኬ ላይ መጻፍ ጀምሬያለሁ፤ 17 ደርሰዋል። አብሬ ልኬልዎታለሁ። ብቻዬን ልቀጥል ወይስ ችዬ ልጨርሰው? ሃያ ዓመት ሙሉ ለካ አላውቃትም ነበር?

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ዝርዝርሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ላይ ሳቅ አምልጦኛል፤ አትቀየሚኝ። ቁጥር 9 ላይ «የቦርሳዋ ዚፕ» ብቻ ይላል። ማብራሪያ የለውም፤ አያስፈልገውምም። ሳይነጋ፣ በጨለማ፣ ተከፍቶ ተዘግቶ አሁንም የሚከፈት ዚፕ ሰውን ምን እንደሚያደርገው አብሮ ያደረ ያውቀዋል።

ለሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ግን እስክሪብቶ ይዤ ነበር። ከየነገሩ ጎን መቼ እንደሆነ መጻፍሽ ጠቅሞኛል። ከ17ቱ 11ዱ የሆኑት ወይ ሌሊቱን አውቶቡስ ላይ ባደራችሁ ማግስት ነው፣ ወይ ጠዋት እህል ሳትቀምሱ። አንቺ ስለ ጓደኛሽ ጠባይ የጻፍሽ መስሎሻል። እኔ ያገኘሁት የሁለት እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ማስታወሻ ነው።

ነገሩን ለማቃለል አይደለም። አሚ ጎርደንና ሴሬና ቼን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ጥንዶች በደንብ ካልተኙበት ሌሊት በኋላ ይበልጥ ይጋጫሉ። ጠባቸውን በተሻለ የሚፈቱትም ሁለቱም በደንብ ተኝተው ሲነሱ ነው። ጥናቱ በፍቅረኞች ላይ ይሁን እንጂ አንድ ክፍል ውስጥ ለሚያድሩ ጓደኛሞች የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። ስለዚህ ስለ መለያየትም ሆነ ስለ መታገስ ከመወሰንሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። የሌሊት አውቶቡሱን ተዉት። አንድ ቦታ አራት ሌሊት እደሩ፤ ከተቻለም ለየብቻ ክፍል። የሌሊት ጉዞ የአንድ ቀን የመኝታ ሒሳብ እንደሚያስቀር አውቃለሁ። የመናኸሪያው ጠብ የመጣው ግን በዚሁ ቁጠባ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄሽ ልምጣ። «ለካ አላውቃትም ነበር?»

ሰው በጉዞ ይታወቃል ይባላል። እኔ በዚህ ነገር በግማሽ ብቻ ነው የማምነው። እስቲ አብረን እናስላ። ከጉዞው በፊት ከጓደኛሽ ጋር በሳምንት አራት ሰዓት ያህል ትገናኙ ነበር እንበል። በዓመት 208 ሰዓት ይመጣል። አሁን ደግሞ በቀን 16 ሰዓት ነቅታችሁ አብራችሁ ናችሁ፤ በ63 ቀን ከ1000 ሰዓት አለፈ። የአምስት ዓመት ያህል መገናኘት በዘጠኝ ሳምንት ጨርሳችኋል ማለት ነው። ያውም ያለ እረፍት፣ ቤት ገብቶ በር ሳይዘጋ፣ «ደርሻለሁ፣ ደህና እደሪ» ሳይባባሉ። በዚህ ሁኔታ ያየሻት ጓደኛሽ እውነተኛዋ ናት፣ የበፊቷ ደግሞ ማስመሰል ነበረች ማለት አይቻልም። ሁለቱም እሷ ናት። ያንቺንም እንደዚያው ውሰጂው። አንቺስ ብትሆኚ በዚፕ የምትናደጂ ሰው መሆንሽን ታውቂ ነበር?

ጓደኝነትን እኮ የሚያጸናው አብረው የሚያሳልፉት ሰዓት ብቻ አይደለም። ያልተገናኙበት ጊዜም ያጸናዋል። ከተለያያችሁ በኋላ አንድ ነገር ያጋጥምሻል፣ «ይህን ሳልነግራት አላድርም» ትያለሽ፣ ስትገናኙ ታወሪያታለሽ፣ እሷም የራሷን ታመጣለች። አሁን ምን ትነግሪያታለሽ? ያየሽውን አይታለች። የበላሽውን በልታለች። የታመምሽ ቀን ባልዲ ይዛ አጠገብሽ ቆማለች። ወሬያችሁ ቻርጀር ላይ የደረሰው ስለተጠላላችሁ ብቻ አይመስለኝም። የምታወሩት አልቆባችኋል።

እ.ኤ.አ. በ1967 ኧርዊን አልትማንና ዊሊያም ሄይቶርን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ሊቃውንት አንድ ጥናት አሳተሙ። የማይተዋወቁ መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርገው ጠባብ ክፍል ውስጥ ለ10 ቀን አቆዩአቸው። መርከበኞቹ ምን አደረጉ መሰለሽ? ቀስ በቀስ ዕቃ መከፋፈል ጀመሩ። ይህ አልጋ የኔ፣ ያ ወንበር ያንተ። ማንም እንዲህ አድርጉ አላላቸውም። ሰው ቦታ ሲጠበው ከየትም ብሎ የራሱን ጥግ ይሠራል። ዝርዝርሽ ላይ ቁጥር 4 «ሶኬቱ ያለበትን አልጋ ሁልጊዜ እሷ ነች የምትይዘው» ይላል። ቁጥር 12 ስለ ፎጣ ማስጫ ነው። ቁጥር 17 ስለ አውቶቡስ መስኮት። አየሽ፣ ያንቺ ዝርዝር ሲሶው የድንበር ክርክር ነው።

ስለ ድንበር ካነሳሁ አይቀር አንድ የምወደው ታሪክ አለ። ፍሪትዮፍ ናንሰንና ያልማር ዮሃንሰን የሚባሉ ሁለት የኖርዌይ አሳሾች እ.ኤ.አ. በ1895 ወደ ሰሜን ዋልታ ሲጓዙ መንገዱ አልሆን አለና ተመለሱ። ሲመለሱም ብርዱ ቀደማቸው። በድንጋይ ጎጆ ቀልሰው፣ በአንድ የመኝታ ከረጢት ውስጥ እየተኙ ለወራት በጨለማ ኖሩ። የሚገርመኝ ይህ አይደለም። በቋንቋቸው እንደ እኛው «አንተ» እና «አንቱ» የሚመስል መለያ አለ። እነዚህ ሰዎች አንድ ከረጢት ውስጥ ተቃቅፈው እየተኙ አንቱ ነበር የሚባባሉት! አንተ መባባል የጀመሩት በዓመቱ መጨረሻ፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። ያ አንቱታ ከጠብ አዳናቸው ልልሽ አልችልም። እኔ ግን ሳስበው፣ ጎጆዋ ውስጥ ያልነበረውን ክፍተት በአነጋገራቸው የፈጠሩት ይመስለኛል። እናንተስ «እባክሽ» የተባባላችሁት መቼ ነው? «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዛሬ ቲኬቱን አንቺ ነሽ ያገኘሽው» የተባለውስ? ቅርበት ሲበዛ መጀመሪያ የሚጠፋው ይኼው ነው።

ወደ ሥራ ክፍፍሉ እንምጣ። ሁሉን የምሠራው እኔ ነኝ ብለሻል። ብዙውን አንቺ እንደምትሠሪ አልጠራጠርም። ግን ማይክል ሮስና ፊዮሬ ሲኮሊ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙትን ልንገርሽ። ባለትዳሮችን ለየብቻ «ከቤቱ ሥራ ያንተ ድርሻ ስንት ነው? ያንቺስ?» ብለው ጠየቁ። የአብዛኞቹ ድርሻ ሲደመር ከመቶ በላይ ሆነ። ሰዎቹ እየዋሹ አልነበረም። ሰው የራሱን ልፋት ከውስጥ ሆኖ ያየዋል። የሌላውን ግን ዓይኑ ፊት ሲሆን ብቻ ነው የሚያየው። ጓደኛሽ ምናልባት ስትታመሚ ሳትተኛ ያደረችውን ትቆጥር ይሆናል። ገንዘብ ሲያንሳችሁ ዝም ብላ የከፈለችውን፣ አንቺ በመንገድ ስትበሳጪ አፏን ይዛ የተከተለችሽን ትቆጥር ይሆናል። እሷም ስልኳ ላይ ዝርዝር ሊኖራት ይችላል። ስንት እንደደረሰ ማን ያውቃል።

«አንቺ እንዳልሽ» የሚለው ነገር ላይ ግን ካንቺ ጎን ነኝ። ምርጫውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ማማረሩን ለራስ ማስቀረት ተገቢ አይደለም። ይህን ልትነግሪያት ይገባል። ሆኖም አንድ ጥያቄ አለኝ። «የት እንሂድ?» ብለሽ የምትጠይቂያት ሌሊቱን ሁሉን አወዳድረሽ ከጨረስሽ በኋላ አይደለም? መልሱ በልብሽ ካለ ጥያቄው ማሳወቂያ ይሆናል። እሷም ይገባታል። ሁለት ሦስቴ ሐሳብ አቅርባ «እሱ ሩቅ ነው፣ እሱ ውድ ነው» ከተባለች፣ አራተኛው ላይ «አንቺ እንዳልሽ» ትላለች። እሺታ አይደለም፤ ኩርፊያ ነው።

ስለዚህ አብራችሁ አትወስኑ። ቀን ተከፋፈሉ። ሦስት ቀን የእሷ፣ ሦስት ቀን ያንቺ። በእሷ ቀን ሆስቴሉም መንገዱም ምግቡም የእሷ ነው። መጥፎ ሆስቴል ብትመርጥ መጥፎ ሆስቴል ታድራላችሁ። አንቺ ስልክሽን አውጥተሽ «ከዚህ ጎን የተሻለ አለ» አትያትም። ይህ ላንቺ ከባድ እንደሚሆን ከደብዳቤሽ ገብቶኛል። ምናልባት ከ17ቱም ነገሮች ይከብድሻል።

ብቻዬን ልቀጥል ወይ ስትይኝ መልሴ፣ አዎ፣ ለጥቂት ቀን ነው። አራት ቀን ጥሩ ነው። ተለያዩና የየራሳችሁን ዞራችሁ በቀጠሮ ተገናኙ። ሰዎች ይህን የሚፈሩት መለያየት ጠብ ስለሚመስል ነው። በተጣላችሁ ማግስት ቦርሳሽን አንስተሽ ከሄድሽ በእርግጥም ጠብ ነው። ስለዚህ አነጋገሩና ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቂ። ሌሊት አይሁን። መንገድ ላይም አይሁን። በልታችሁ፣ ተኝታችሁ፣ ተቀምጣችሁ ይሁን። እኔ ብሆን እንዲህ እላት ነበር፦ «ስሚኝማ፣ እኔ ካንቺ ጋር መጣላት አልፈልግም። አጠገቤ ሆነሽ ናፍቀሽኛል። አራት ቀን ለየብቻ እንዙርና የምናወራው ይኑረን። ቅዳሜ እገሌ ከተማ እንገናኝ።»

«ልትተዪኝ ነው?» ልትል ትችላለች። ሆድ ሊብሳት፣ ልታለቅስም ትችላለች። ያን ጊዜ ማብራራት አታብዢ። የምትገናኙበትን ቀን ድገሚላት፤ ከተቻለም የቀጣዩን ጉዞ ቲኬት ሁለታችሁም ፊት ቁረጪው። የተቆረጠ ቲኬት ከብዙ ቃል ይሻላል።

ከመለያየታችሁ በፊት የሚደረጉትን ነገሮች አንቺ ከኔ በላይ ታውቂያቸዋለሽ፤ ግን ልጥቀሳቸው። እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ጥሬ ገንዘብ፣ ካርድና የፓስፖርት ቅጂ ያዙ። የት እንደምታድሩ ተነጋገሩ። በቀን አንዴ በተወሰነ ሰዓት «ደህና ነኝ» ተባባሉ፤ ከዚያ በላይ አታውሩ። ወሬውን ለቅዳሜ አቆዩት። ስልክ ቢጠፋ እንኳ የምትገናኙበት ቦታና ሰዓት ይኑራችሁ።

ከተገናኛችሁ በኋላም ትጣላላችሁ። ይህን አሁኑኑ ልንገርሽ። ገና ከጉዞው አጋማሽ ማለፋችሁ ነው። ከሰው ተነጥለው የሚቆዩ ቡድኖችን ያጠኑ አንዳንድ ተመራማሪዎች አጋማሹ ካለፈ በኋላ ስሜት ዝቅ ይላል ይላሉ። ሁሉም ጥናት አይስማማበትም፤ እኔ ግን ከሰዎች ብዙ ሰምቼዋለሁ። የመጀመሪያው ጉጉት አልቋል፣ መጨረሻውም ገና አይታይም። ጠቡ ሲነሳና ልብሽ ድው ድው ሲል ንግግሩን አቋርጪው። የጥንዶችን ጠብ ለዓመታት ያጠናው ጆን ጎትማን፣ የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ ሰው መስማት ያቅተዋል፣ ለመረጋጋትም ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልገዋል ይላል። «ሃያ ደቂቃ ስጪኝ፣ እመለሳለሁ» ብለሽ ውጪ። መመለስሽን ግን አትርሺ። ተናግሮ የወጣና ዝም ብሎ የወጣ አንድ አይደሉም።

ጨርሶ መለያየት የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። ገንዘብሽን ሳትነግርሽ የምትወስድ ከሆነ፣ ሰው ፊት የምታዋርድሽ ከሆነ፣ አደጋ ውስጥ የምትጥልሽ ወይም በማታውቂው ቦታ ጥላሽ የምትጠፋ ከሆነ፣ ሰባት ሳምንት ቻይው አልልሽም። ይሉኝታ አይያዝሽ። በላክሽልኝ 17 ነገሮች ውስጥ ግን ከእነዚህ አንዱንም አላገኘሁም።

ዝርዝሩን እንዳታሳያት። ከዛሬ ጀምሮም አትጨምሪበት። ሰው ሲጽፍ ይፈልጋል፣ ሲፈልግ ደግሞ አያጣም። ከመተውሽ በፊት ግን ቁጥር 17ን አንድ ጊዜ መለስ ብለሽ እዪው። «ሁልጊዜ መስኮቱ ጋ የምትቀመጠው እሷ ናት፤ አንድ ቀን እንኳ ልቀይርሽ ብላኝ አታውቅም።» ቀጥሎ ያለውን አንቺው ነሽ የጻፍሽው፦ «እኔም ጠይቄያት አላውቅም።»

ቀጣዩ አውቶቡስ መቼ ነው? ስትሳፈሩ «ዛሬ መስኮቱ ጋ እኔ ልቀመጥ» በያት።