ነርሷ አባቴን እንዳላጎርሳቸው ለምን ከለከለችኝ?

ጥያቄ፦ የ68 ዓመቱ አባቴ ከሁለት ወር በፊት ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጃቸውና እግራቸው ዝሎ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነርሶቹ ራሳቸው ያጥቧቸውና ያገላብጧቸው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንዲት ወጣት ነርስ ገንፎ ሳጎርሳቸው አይታ ማንኪያውን ተቀበለችኝ፤ እጀታውን በጨርቅ ጠቅልላ በደከመው እጃቸው አስጨበጠችና «አባባ፣ እርስዎ ራስዎ ይብሉ» አለቻቸው። ገንፎው ግማሹ ደረታቸው ላይ ሲወድቅ እንባዬ መጣ፤ እናቴም «እንዴት ያለች አንጀተ ደንዳና ናት!» አለች። የነርስ ሥራ ታማሚን መርዳት አይደለምን? አሁን ቤት ገብተናል፤ ላጉርሳቸው ወይስ ልተዋቸው?
(አንባቢያችሁ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ቅሬታዎ ይገባኛል። ልጅ አባቱን ሊያጎርስ የዘረጋውን እጅ መመለስ በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም በጥያቄዎ ውስጥ በጨረፍታ ያለፉትን ያንን ጨርቅ መለስ ብለው እንዲያስቡት እጠይቅዎታለሁ። የደከመ እጅ ቀጭን እጀታ አጥብቆ መያዝ አይችልም፤ ጨርቅ ሲጠቀለልበት ግን ወፍሮ ይመቸዋል። ታማሚዋን ችላ ያለች ነርስ እጀታ አትጠቀልልም። ያቺ ወጣት የሠራችው በትምህርት ቤት የተማረችውን፣ «ነርስነት ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ አንድ ትልቅ መልስ ነው።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1860 በለንደን የነርሶች ትምህርት ቤት ባቋቋመችበት ዘመን ዋናው ትኩረት ንጹሕ አየር፣ ብርሃን፣ ንጽሕናና ጸጥታ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960፣ ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት ባሳተመው ጽሑፍ አሜሪካዊቷ ነርስ ቨርጂኒያ ሄንደርሰን ነገሩን በሌላ በኩል አየችው። የነርስ ልዩ ተግባር፣ ሰው ጉልበቱ፣ ፈቃዱ ወይም ዕውቀቱ ቢኖረው ኖሮ ያለማንም እርዳታ ያደርገው የነበረውን ነገር እንዲያደርግ ማገዝ ነው አለች፤ እገዛውም ሰውየው በተቻለ ፍጥነት ራሱን እንዲችል በሚያደርግ መንገድ መሰጠት እንዳለበት ጨመረችበት። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ሐሳብ ይዘን ሁለተኛውን እንረሳለን። ለአባትዎ የፈውሱ መንገድ ያለው ግን በሁለተኛው ውስጥ ነው፤ ከስትሮክ በኋላ ሥራ የተከለከለ እጅ በዚያው ዝሎ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነውና።

ሌላዋ አሜሪካዊት ነርስ ዶሮቲያ ኦሬም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህንኑ ሐሳብ በደረጃ አስቀመጠችው። ታማሚው ምንም ማድረግ በማይችልበት ጊዜ ነርሷ ሁሉንም ታደርግለታለች፤ በከፊል ሲችል ሥራውን ይካፈላሉ፤ ሲበረታ ነርሷ ታስተምረዋለች፣ ታበረታታዋለችም። አባትዎ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የታጠቡትና የተገላበጡት በአንደኛው ደረጃ ላይ ስለነበሩ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ማንኪያ የተሰጣቸውም ወደ ሁለተኛው በመሻገራቸው እንጂ ርኅራኄ ቀንሶባቸው አይመስለኝም።

ይህን ስል ማንኪያ ማስጨበጥ ሁልጊዜ ትክክል ነው ማለቴ አይደለም። ስትሮክ የመታው ሰው መዋጥ ሊቸግረው ስለሚችል፣ ምግብ በአፉ ከመግባቱ በፊት አዋዋጡ መታየት አለበት፤ ቀና ብሎ መቀመጥም ይኖርበታል። ይህ ሳይደረግ ሳህን አስቀምጦ መሄድ ቸልተኝነት ነው፤ ስሙንም የሚያሳምርለት ንድፈ ሐሳብ የለም።

ነርሷን የምወቅስበት ነገር ቢኖር ምክንያቷን ለእርስዎና ለእናትዎ አለማስረዳቷ ነው። በሀገራችን ሆስፒታሎች አስታማሚ እንግዳ ሰው አይደለም፤ ምግቡን የሚያመጣው፣ ሌሊቱን የሚያነጋው እሱ ነው። ለእኛ ደግሞ ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው። ነርስም የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪም የነበረችው ማደሊን ሌይኒንገር በኒው ጊኒ ደጋማ አካባቢ ጋድሰፕ ከሚባል ሕዝብ ጋር ኖራ ያጠናችው እንዲህ ያለውን ነገር ነበር። በእሷ አስተምህሮ ነርስ የታማሚውን ልማድ እንዳለ ልትጠብቀው፣ ከሕክምናው ጋር ልታስማማው፣ ጎጂ ሲሆን ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ተመካክራ ልትለውጠው ትችላለች። የእርስዎ ጉዳይ የሚያስፈልገው መካከለኛውን፣ ማስማማትን ነበር።

ስለዚህ ቤት ውስጥ የመጀመሪያዋን ጉርሻ እርስዎ ያጉርሷቸው፤ እናትዎም ሁለተኛዋን ያጉርሷቸው። ከዚያ በኋላ ማንኪያውን እጀታውን ጠቅልለው ይስጧቸው፤ የእርስዎን እጅ ከክንዳቸው ሥር አድርገው ይደግፉ እንጂ አይምሩት። ፎጣ ደረታቸው ላይ ያንጥፉ፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅም አይቸኩሉ። ምግብ በደከመው ጉንጭ በኩል ተከማችቶ ሊቀር ስለሚችል በመጨረሻ አፋቸውን ይመልከቱ። እየበሉ ወይም እየጠጡ ትን የሚላቸው፣ የሚያስሉ ወይም ድምፃቸው ጉሮሮው ውኃ እንደያዘ ሰው ድምፅ የሚሆን ከሆነ ግን መመገቡን አቁመው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው።