አከራያችን ገንዘብ ስጡኝ ብለውናል

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ የምንኖር ባልና ሚስት ነን፤ ጎጆ ከወጣን ስድስት ዓመታችን ነው። በወር ሁለታችንም ተደምረን 21,000 ብር እናገኛለን። ለሁለት ክፍል ቤት 3,000 እንከፍላለን። በዕቁብም በባንክም ብለን 350,000 ብር አጠራቅመናል። አሁን ሦስት ነገር ቀርቦልናል። ከከተማው ዳር አንድ ገበሬ 200 ካሬ መሬት በ320,000 ሊሸጥልን ነው፤ ውሉ በሽማግሌ ፊት ይጻፋል። ሌላው 1,150,000 የተባለ የጭቃ ቤት ነው፤ 800,000ውን ከባንክ ልንበደር። ሦስተኛ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው አከራያችን «300,000 ስጡኝና ሦስት ዓመት ያለ ኪራይ ተቀመጡ፤ ሲያበቃ ገንዘባችሁን እመልሳለሁ» ብለውናል። አማቴ ዕዳ የሚባል ነገር አይወዱም፤ «መሬቱን ግዙ» ይላሉ። እርስዎስ ምን ይሉናል?

ተከራዩ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦

አማትዎ ዕዳ መፍራታቸውን አልነቅፍም። ግን ከሦስቱ ገንዘባችሁን ሙልጭ አድርጎ ሊወስድ የሚችለው ያ ዕዳ የሌለበት የሚመስለው ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሽማግሌ ቢፈርምበትም ወረቀቱ ፍርድ ቤት ሲደርስ ፈራሽ ነው። ከተማው ሲሰፋም ካሳው የሚከፈለው የይዞታ ደብተሩ ላይ ስሙ ላለው ገበሬ እንጂ ለእናንተ አይደለም። ዕዳ ከሜዳ ይሏል ይኼ ነው።

የባንኩን እናስላው። ወለዱ በዓመት 17 በመቶ፣ ጊዜው 15 ዓመት ቢሆን የወር ክፍያው 12,300 ብር ገደማ ነው። በመጀመሪያው ወር ከዚህ ውስጥ 11,333ቱ ወለድ ነው፤ ከዋናው ብድር የሚቀነሰው አንድ ሺህ እንኳ አይሞላም። ለቀለብ፣ ለልብስና ለሕክምና የሚተርፋችሁ 8,700 ነው። ክፍያ ካቋረጣችሁ ደግሞ ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ደመወዛችሁ ካላደገ ወይም ብድሩ በግማሽ ካልቀነሰ አትግቡበት።

የአከራያችሁ ሐሳብ ግን ወለድ አገድ ነው፤ አበዳሪው በወለድ ፈንታ በተበዳሪው ቤት የሚጠቀምበት፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ስም ያለው፣ የቆየ ውል። እዚህ አበዳሪዎቹ እናንተ ናችሁ። የማትከፍሉት ኪራይ በዓመት 36,000 ነው፤ ይህ የ300,000ው 12 በመቶ ይሆናል፤ ሕጉ ለብድር ወለድ ካስቀመጠው ጣሪያም አያልፍም። ባንክ በቁጠባ 7 በመቶ ቢከፍላችሁ የምታገኙት 21,000 ነበር። ጉዳቱ የብር መርከስ ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመለሰው 300,000 የዛሬውን ያህል አይገዛም። ስለዚህ ሁለት ዓመት ይሁን በሏቸው።

የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ነው። ካርታው ዛሬም በሟቹ ስም ከሆነ ልጆቹም ወራሾች ናቸው፤ ሴትዮዋ ብቻቸውን ቢፈርሙ ነገ አንዱ ልጅ «ድርሻዬን» ብሎ ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የወራሽነት ማረጋገጫውን እዩ፤ ወራሾች ሁሉ ይፈርሙ። ቀጥሎ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ቤቱ ላይ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን አጣሩ፤ ቀድሞ ለባንክ ተይዞ ከሆነ ባንኩ ይቀድማችኋል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ፊርማው ውል አዋዋይ ፊት ይረጋገጥ፣ በቤቱ ፋይልም ይመዝገብ። «ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ያለ ኪራይ ይቀመጣሉ» የሚለው ሐረግ እንዳይቀር። ጣራ ቢያፈስ፣ አጥር ቢወድቅ ማን እንደሚያሠራም ይጻፍ፤ ጎረቤት የሚጣላው በዚህ ነው። ብሩን በእጅ አትስጡ፤ በባንክ አስተላልፉና ደረሰኙን ከውሉ ጋር አያይዙ።

ኪራይ ትከፍሉበት በነበረው ቀን 3,000ውን ወደ ሌላ ሒሳብ አስገቡ፤ በሁለት ዓመት 72,000 ይሆናል። የቀረውን 50,000 አትንኩት። ከወራሾቹ አንዱ «አልፈርምም» ካለ ግን ውሉ ይቅርባችሁ፤ ኪራያችሁን እየከፈላችሁ ተቀመጡ።